አዘጋጅ የሚለው መስመር

ገሳይ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ እየሄድን ነበር። ሾፌሩ ክሪኩን ሲያወጣ ተሳፋሪው በየጥላው ተበተነ። እኔም መታወቂያዬን ኮፒ ማስደረግ እንዳለብኝ ትዝ አለኝና መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ገና ደጃፉን ስረግጥ ከማሽን የወጣ ትኩስ ወረቀት ሽታ ተቀበለኝ። የጋለ ብረትና የተቃጠለ አቧራ፣ ትንሽም ሰም ሰም የሚል ሽታ ነው። በዚህ ሽታ ውስጥ ብዙ ቅዳሜዎችን አሳልፌያለሁ። ወዲያው ዓይኔ ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ በተለጠፈ ገጽ ላይ አረፈ። ከላይ እስከ ታች ሳጥን አለው። በሳጥኑ ውስጥ ርእስ፣ ምን ይሠራል፣ ምን ያስፈልጋል፣ እንዴት ይሠራል፣ ቢሳሳትስ የሚሉ አምስት መስመሮች ተደርድረዋል። ስድስተኛው የለም። ግርጌው ላይ መኖር የነበረበት ስምም የለም፤ ነጭ ነው። ስድስተኛው መስመር ለምን እንደሌለ የምናውቀው አራት ሰዎች ነበርን። አንዱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ግርጌው ለምን ነጭ እንደሆነ ግን የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ የማላስታውሰውን አልጻፍሁም፤ አሁንም አልጽፍም። ቀኖቹ ስለተምታቱብኝ ቀን አልጠቅስም። በደንብ የማስታውሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ገና እንዳልበዛ፣ ከመናኸሪያ ገበያ ድረስ በጋሪ ይኬድ እንደነበር፣ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም እንደነበረ ነው። የኢንተርኔት ደቂቃም ከሻይ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ስለዚህ ሰው ሻይ እንደሚጠጣ ሁሉ ኢንተርኔትንም አይቶ፣ አስቦ ነበር የሚገባበት። ክረምት ላይ ከተማዋ ቀዝቃዛ ናት። የቢሮ ሠራተኛ በኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው የሚገባው፤ ደረጃው ሥር ጭቃ የተለጠፈባቸው የፕላስቲክ ጫማዎች ይደረደራሉ። በየመሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጥተው ነበር፤ በዳንቴል ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ጸሐፊዎቹ ከጽሕፈት መኪናቸው ላይ መነሳት አይፈልጉም። ፍርሃታቸው የዋዛ አልነበረም፤ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቀው በመጨረሻ የነካው ሰው ነው። ዛሬ ልጆች በስልካቸው ሲጫወቱ ሳይ፣ ያን ዳንቴል በሁለት ጣቷ ገልጣ፣ ማሽኑ እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብላ ከፊቱ የምትቀመጥ ሴት ትታየኛለች።

ሴትዮዋ ጥሩወርቅ ናት። በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ረጅም፣ ቡና ዓይነት ሹራብ የምታዘወትር፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ነበረች። የተዋወቅነው እንዳለማው የሚባል ወዳጄ ከአንድ ካሴት ቤት ፊት ለፊት በከፈተው የኢንተርኔት ቤት ነው። እንዳለማው ቀልደኛ ነው፤ አራት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንዱ ሁልጊዜ ይበላሻል፤ እሱንም «ጡረተኛው» ይለዋል። አዲስ አበባ የሚኖሩ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ ለሚገኝ የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም የአማርኛ መመሪያ የሚሰበሰብበት አንድ ዊኪ ከፍተው ነበር። ዊኪ ማለት ብዙ ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት ድረ ገጽ ነው። እንዳለማው ይህን ሰምቶ የደብረ ታቦርን ሰው ሰበሰበ። እኔ የሄድሁት ስለ ጉዳዩ ዜና ለመሥራት ነበር። ዜናው በሦስት አንቀጽ አለቀ፤ እኔ ግን ቀረሁ። መጻፍ ስለምችል አርታኢ አደረጉኝ፤ የይለፍ ቃሉም በእኔ እጅ ሆነ።

አራተኛው ሰው መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ። ቅኔ ያስተምራሉ። እኛ ቃል ሲያጥረን እሳቸው ከግዕዙ ፈልገው ያመጡልናል። አሠራራችን እንዲህ ነበር፦ ሁሉም በያለበት ይጽፋል፤ በፍሎፒ ዲስክ ይዞ ይመጣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት እንዳለማው አንድ ጊዜ ያገናኝና ሁሉንም በእኔ መለያ ስም ያስገባዋል። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስም ይግባ ቢባል አንድ ገጽ ሳይወጣ ይመሻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ማሽኑ በራሱ የሚጽፈው «መጨረሻ ያስገባው» የሚለው ቦታ የእኔን ስም ይዞ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ ማናችንም ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዳቸው ከሌላው አይገናኙም ነበር። እኔ እንደ ዜና፣ ዋናውን ነገር ከላይ አድርጌ ጻፍሁ። እንዳለማው እንደ ጨዋታ ጻፈ። መሪጌታ ወረቀት ስለ ማተም ባዘጋጁት ገጽ ላይ በሥላሴ ስም ጀምረው፣ አንባቢውን መርቀው፣ ወደ ጉዳዩ የገቡት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው።

«መሪጌታ፣ እርስዎ መርቀው እስኪጨርሱ ፕሪንተሩ ይተኛል እኮ» አላቸው እንዳለማው።

«አንተ ሳትመርቅ እየጀመርህ ነው ሁልጊዜ ወረቀት የሚነክስብህ» አሉት።

ጥሩወርቅ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ የራሷን ፍሎፒ እያቀበለች፣ «እኛ ቢሮ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እንኳ ቅጽ ይሞላል» አለች። «ስሙ እዚህ፣ ምክንያቱ እዚህ፣ ፊርማው እዚህ። ጎበዙም ሰነፉም ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ይኸንንስ ለምን እንደሱ አናደርገውም?»

ዊኪው ለካ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበረው። ሌሎች መለጠፊያ ይሉታል፤ መሪጌታ ግን ተማሪ እያየ የሚገለብጠውን የመጀመሪያ ጽሑፍ አስበው «አብነት ይባል» አሉ፤ እኛም አብነት አልነው። አብነቱ አንድ ቦታ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ገጾቹ ሁሉ መልካቸውን ከእሱ ይቀዳሉ። አብነቱ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር በሁሉም ገጾች ላይ በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ቢነሣም ከሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጸሐፊው በገጹ ሥር የሞላው ነገር ግን አይጠፋም። አብነቱ ካላሳየው አይታይም፤ ያ ብቻ ነው። ስድስት መስመሮች አወጣን። «ቢሳሳትስ» የምትለዋን አምስተኛዋን መስመር ያመጣችው ጥሩወርቅ ናት። «እኛ የምንፈራው እንዳንሳሳት አይደለም፤ ከተሳሳትን በኋላ የምናደርገው ስለሚጠፋብን ነው» አለች። ስድስተኛው «አዘጋጅ» የሚል ነበር፤ ገጹን የጻፈው ሰው ስም ይገባበታል። አብነቱን መለወጥ የሚችለው ግን አርታኢው ብቻ፣ ማለትም እኔ ብቻ እንድሆን ተስማማን። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢነካው ሁሉም ገጽ ይበላሻላ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። ከካሴት ቤቱ የሚለቀቀው ዘፈን መንገዱን ተሻግሮ ይሰማናል፤ በዚያ ሰሞን አንዱን ካሴት አሥር ጊዜ ስለሚደጋግሙት እንዳለማው ዘፈኑን እያንጎራጎረ ነው የሚተይበው። ገጾቹ በረከቱ። ጸሐፊዎች ከየመሥሪያ ቤቱ እየመጡ አሳትመው ይወስዱ ጀመር፤ በየጠረጴዛቸው መስታወት ሥር ያስቀምጡታል። ከይፋግ አንድ መምህር ለብቻው ሊወስድ መጥቶ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚሆን ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። ዳንቴሎቹ አንድ በአንድ ከኮምፒውተሮቹ ላይ ተነሡ። ይህን በዓይኔ አይቼ የመሰከርሁት ነው። ብዙ ዜና ጽፌ ሰው ሲለወጥ ያየሁት በዜና አልነበረም፤ በእነዚያ ሳጥኖች ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ ካሉት አንዱ በእንዳለማው ስልክ ደወለ። እኔ አነሣሁት። «ወይዘሮ ጥሩወርቅን ማግኘት እችላለሁ? ሥራውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው መሰለኝ፤ ስማቸውን በየገጹ እያየን ነው» አለ። አገናኘሁት። እሷ ስታወራ እኔ ከ«ጡረተኛው» ጎን ተቀምጬ ገጾቹን መቁጠር ጀመርሁ። ከግማሽ የሚበልጡት ላይ ጥሩወርቅ ይላል። የእኔ ስም ያለባቸው አሥራ ሁለት ናቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በቡሔ ዋዜማ፣ አዘጋጅ የሚለውን መስመር ከአብነቱ ላይ አነሣሁት። ውጭ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። አንድ መስመር ነው የሰረዝሁት፤ ስሞቹ ከገጾቹ ሁሉ ላይ አብረው ጠፉ። «መመሪያ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁሉም ነው። ዜናም ላይ የጸሐፊው ስም የማይወጣበት ጊዜ አለ» አልኋቸው። ንግግሩ እውነት ነበር። የሰረዝሁበት ምክንያት ግን እሱ አልነበረም።

መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ብራና የሚጽፍ ሰው መጨረሻው ላይ ስሙን ያኖራል» አሉ። «ለክብር እንዳይመስልህ። አንባቢው ማንን በጸሎት እንደሚያስብ እንዲያውቅ ነው። አንተ ስሙን ስትፍቀው አንባቢው ማንን ያስብ?»

«ሥራውን ያስብ» አልኋቸው።

«ሥራውማ ጸሎት አያሻውም» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጥሩወርቅ «እናንተ ካላችሁ እሺ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ባመጣቻቸው ገጾች ላይ ግን፣ የማይታይ ቢሆንም፣ አዘጋጅ የሚለውን ቦታ መሙላት አልተወችም። እኔ ያልገባት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛው ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይወዳደር የተባለበት ጊዜ መጣ። ጸሐፊ የሚባለው መደብ ታጠፈ። በምትኩ የወጣው የኮምፒውተር ሥራ ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ ዲፕሎማ የሌለው በሙያው የሠራውን ሥራ አያይዞ ለመራጩ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል ተባለ። ጥሩወርቅ ዲፕሎማ የላትም። ያላት የትየባ የምስክር ወረቀትና እነዚያ ገጾች ናቸው። ባሏ በሕመም ከሥራ ከቀረ ቆይቷል፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላዋን በር ላይ አስደግፋ ገባች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን ልታዘዝ?»

«ያቺን መስመር ይመልሱልኝ። እንዳለማው ገጾቹን ያትምልኛል፤ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ሰኞ አስገባለሁ። ማክሰኞ መልሰው ያጥፏት፤ ቅር አይለኝም።»

«ለኮሚቴ ተብሎ የተመለሰ ስም ማስረጃ ይሆናል ብለሽ ነው? ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።»

«ደብዳቤማ ሁሉም ይዞ ይመጣል፤ ጋሼ።»

«የእኔ እውነቱን ነው የሚለው።»

«ምን ይላል?»

«በሥራው ተሳትፋለች ይላል።»

ከጃንጥላዋ የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ትንሽ ኩሬ ሠርቶ ነበር፤ እሱን ታያለች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ተሳትፋለች ይበሉ።» ደብዳቤውን እዚያው ጻፍሁላት፤ ማኅተምም አደረግሁበት። አንድም የሐሰት ቃል አልነበረበትም። ይህን አጣርቼ ነው የጻፍሁት።

ኮሚቴው ፊት የሆነውን የነገረኝ እንዳለማው ነው፤ እሱም ከእሷ ነው የሰማው። ሰብሳቢው ገጾቹን አገላበጠ። «ታዲያ ስምሽ የታለ?» አላት። የማይታይበትን ምክንያት ልታስረዳው ሞከረች። እሱ ግርጌው ላይ ያለውን እያመለከተ፣ «እዚህ የተጻፈው የጋዜጠኛው ስም አይደለም?» አላት። ከዚያ ደብዳቤዬን አነበቡ። ቦታው ዲፕሎማ ላላት አንዲት ልጅ ተሰጠ። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋን የተማረችው እንኳ ከእኛው ገጾች ነው። ጥሩወርቅ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣች። ቤተሰቧን ይዛ ወደ ባሏ አገር ሄደች ተባለ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጠያቂ ነኝ፤ በዚያ ነው የኖርሁት፤ ይህን ግን አልጠየቅሁም።

ያለ እሷ ሥራው አልገፋም። አዳዲስ ገጾች ቀሩ። እንዳለማው ሱቁን ሸጦ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። መሪጌታ ዐረፉ። ካሴት ቤቱ መጀመሪያ የሲዲ ቤት፣ ኋላም የስልክ መጠገኛ ሆነ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎችም ተበተኑ መሰለኝ፣ አንድ ቀን አድራሻውን ብጽፈው ድረ ገጹ የለም። የድረ ገጹን ቅጂ የያዘ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ያቺን መስመር ልመልስ ብል እንኳ ዛሬ የምመልስበት ቦታ የለም።

እንግዲህ ገሳይ ላይ፣ ግድግዳው ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ከጓዳ የወጣችው ጥሩወርቅ ናት። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ሹራቡ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ግን ያው ቡና ዓይነት። ወዲያው ነው ያወቀችኝ።

«ጋሼ፣ ደህና ኖሩ?»

«ደህና፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«አለን። መታወቂያ ነው?»

ተቀብላኝ ማሽኑ ላይ አደረገችው። ማሽኑ ሞቆ ኮፒውን እስኪያወጣ ጠበቅን። ከጎኑ የገጾቹ ክምር አለ፤ እየባዛች ትሸጣቸዋለች። ከክምሩ ላይ የተቆረጠ ቀጭን ነጭ ወረቀት ተቀምጧል፤ ልክ የአንድ መስመር ስፋት ያለው። ስትገለብጥ የእኔ ስም ያለበትን ግርጌ በእሱ ነው የምትሸፍነው።

ያን ጊዜ ለሌላ ሰው ነግሬው የማላውቀውን ነገር ተናገርሁ። «ስምሽ እኮ አልጠፋም ነበር» አልኋት። «ከየገጹ ሥር ነበረ። አንድ መስመር ብመልስ ሁሉም ይታይ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንዳለማው ያኔውኑ ከፍቶ አሳይቶኛል። ይግባኝ በይ አለኝ፤ አልሁ። ኮሚቴው ለእርስዎ መራው።»

ይህን ከላይ አልጻፍሁትም። ረስቼው ነበር ብል እዋሻለሁ። የይግባኙ ወረቀት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቷል። «ስሜ ከገጾቹ ሥር መኖሩን አርታኢው አይተው ይመስክሩልኝ» ይላል፤ በራሷ ጣት የተተየበ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ንጹሕ ጽሑፍ። ኅዳጉ ላይ «ቀደም ሲል በሰጠሁት ደብዳቤ እጸናለሁ» ብዬ ጻፍሁና መለስሁት። ከደቂቃ በላይ የወሰደብኝ አይመስለኝም።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ገባች። አዲስ የተመደበች አስተማሪ እንደሆነች ከወሬዋ ተረዳሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ገጽ አይታ፣ «እማማ፣ ይኸን ለእኔም አንድ ያድርጉልኝ። በጣም ግልጽ ነው። ማን ነው ያዘጋጀው?» አለች።

ጥሩወርቅ ነጩን ቁራጭ ወረቀት አንሥታ በግርጌው ላይ ታስተካክላለች።

«እሳቸው ናቸው» አልሁ እኔ። «የጻፉት እሳቸው ናቸው።»

ልጅቷ ወደ ጥሩወርቅ ዞረች፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ መልሳም እሷን አየቻት። የቀለድሁ ሳይመስላት አልቀረም።

«ውይ፣ እማማ፤ ታዲያ ስምዎ የታለ?»

ማሽኑ ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር ጎትቶ ትኩሱን ወረቀት አወጣ። ጥሩወርቅ ለልጅቷ ሰጠቻት።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለቻት።